ከጎንደር እስከ ቋራ፤ የአንድ መታሰቢያ ጽሑፍ ጉዳይ

በጎንደር ከተማ ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ የዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። ንጉሠ ነገሥቱ የተወለዱት ግን በጎንደር ሳይሆን በቋራ ነው። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ በአዘዞ ወጥቶ፣ በጭልጋ አይከልን አልፎ፣ ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርደውን የመተማ መንገድ ይይዛል፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ታላቅ ሰው የተወለደበትን ስፍራ በመንገድ ዳር በድንጋይ ላይ ጽፎ ማመልከት በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስምና ዓመት ነው። ለካሣ ኃይሉ ግን ስምና ዓመት ብቻ አይበቃም።

ካሣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ሲወለዱ ቋራ ጠረፍ ነበረች፤ ከማዶ ሱዳን አለ፤ ሱዳንንም በ1813 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ያዘው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ሲሞቱ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ላይ ወደቁ፤ ጠላቶቻቸው ኋላ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሰደቧቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ዘመዳቸው ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. የግብፅን ጦር በጠረፉ ላይ ድል ነሥተው ነበር። ካሣም ያንኑ ድል ለመድገም በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ በተባለው ስፍራ ገጠሙ፤ ነገር ግን በምሽግ ውስጥ ሆኖ በመድፍ የሚዋጋው የሠለጠነ ጦር ወታደሮቻቸውን ፈጃቸው።

የዚህ ሽንፈት ትምህርት ከአእምሯቸው አልጠፋም። ጀግንነት ብቻውን ከመድፍና ከሥርዓት ጋር ሊተካከል እንደማይችል የተረዱት በዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ወታደሮቻቸውን በአዲስ ሥርዓት ለማሠልጠን ሞከሩ። በ1845 ዓ.ም. ብቻ በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። በ1847 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ደጋ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። ዘመነ መሳፍንትም በዚህ ተዘጋ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያን መድፍ እንዲያፈሱ መታዘዛቸው ሲታሰብ፣ የትእዛዙ ሥር በደባርቂ ሜዳ ላይ እንደ ነበር ማየት አያዳግትም። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ሽንፈት ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ይህ ሁሉ ለክብር የሚነገር ነው። ሆኖም የታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሊያቆም አይገባውም። ንጉሠ ነገሥቱ ከካህናቱ ጋር በመሬት ጉዳይ ተጣሉ፤ ዐመፁም ከየአቅጣጫው በረታ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ከየደብሩ የተወሰዱት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ መቅደላ ተጓዙ። በሚቀጥለው ዓመት ደብረ ታቦርም ተቃጥላ፣ ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እየሳበ ስድስት ወር ያህል ወደ መቅደላ ተጓዘ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ለእንግሊዝ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከጎንደር የተወሰደውም ሀብት ከሌላው የመቅደላ ሀብት ጋር በእንግሊዝ ጦር ተዘርፎ በዝሆንና በበቅሎ ተጫነ፤ ብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት ዛሬም በለንደን ይገኛሉ።

እንግዲህ ሐውልቱ የቆመው ንጉሡ ባቃጠሏት ከተማ ውስጥ ነው። ይህ ነገር ሊያስደንቅ ይችላል፤ ሊያሳፍር ግን አይገባም። የጎንደር ሕዝብ የበደሉን ታሪክ ሳይረሳ አንድነትን ያለመውን ሰው ማክበሩ የሆደ ሰፊነት ምልክት ነው። የሚያሳፍረው ከሁለቱ አንዱን ደብቆ ሌላውን ብቻ ለልጅ ማስተማር ነው። ቃጠሎውን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ለምን መድፍ እንደ ተሠራ አይገባውም፤ ድሉን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ የጎንደር መጻሕፍት እንዴት ባሕር ተሻግረው እንደ ሄዱ ሊያስረዳ አይችልም።

የንጉሡ አስከሬን በመጀመሪያ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ፤ ኋላም ወደ ቋራ ሥላሴ ገዳም ተመለሰ። በ2011 ዓ.ም. በለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከራሳቸው የተቆረጠውን ጸጉር ለኢትዮጵያ ያስረከበው በዚያው ገዳም ከአጽማቸው ጋር እንዲያርፍ ታስቦ ነው። የሕይወታቸው መንገድ ከቋራ ተነሥቶ፣ በደባርቂ፣ በደረስጌ፣ በጎንደርና በመቅደላ አልፎ ወደ ቋራ ተመልሷል።

ስለዚህ በመተማ መንገድ ዳር፣ ወደ ቋራ በሚታጠፈው ስፍራ ለሚቆም ድንጋይ የሚስማማው ጽሑፍ አጭርና እውነተኛ ሊሆን ይገባዋል፦ ካሣ ኃይሉ በዚህ አገር ተወለደ፤ በዚህ ጠረፍ ተሸንፎ ተማረ፤ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሣ፤ ጎንደርን አቃጠለ፤ ለባዕድ እጁን ሳይሰጥ ሞተ፤ እዚሁ አረፈ። ተማሪዎቹን ይዞ በዚያ የሚያልፍ መምህር ከእነዚህ ቃላት አንዱንም ሳይዘል ሊያነብላቸው ይገባል።