ከዝዋይ የተቀዳው፣ ከአቢጃታ የጎደለው

የማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በውሃ የተሳሰሩ ናቸው። የመቂና የከታር ወንዞች ዝዋይን (ደንበልን) ይሞላሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል፤ ላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ድርሻውን ያዋጣል። ከአቢጃታ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውሃ መውጫው ትነት ነው፤ ትነት ደግሞ ውሃውን ወስዶ ጨውን ለሐይቁ ይተወዋል። ስለዚህ በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለአበባ እርሻ በፓምፕ የሚሳበው ውሃ አቢጃታን ከማሳነሱም በላይ የቀረውን ይበልጥ ጨዋማ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረው የሶዳ አሽ ምርትም ከራሱ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ በማትነኛ ኩሬዎች ማድረቅ ያዘ።

ጥፋቱን በዝናብ እጥረት ላይ ብቻ መጣል የሚቀናቸው አሉ። ዝናብ ድርሻ አለው። ሆኖም ላንጋኖና ሻላ በዚያው ሰማይ ስር፣ በዚያችው ፀሐይ እየተመቱ እንደ አቢጃታ አልሸሹም። ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሲሆን አቢጃታ ገና ድሮም ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበር፤ ላንጋኖንም የከርሰ ምድር ውሃ ይደግፈዋል። ይህን ሁሉ ቀንሰን እንኳ የሰው እጅ ጎልቶ ይታያል።

የጉዳቱን ስፋት ለማስረዳት ከፔሊካን የተሻለ ምስክር አላውቅም። ፔሊካኖች በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ይፈለፍሉ ነበር፤ ደሴቱ ከአዳኝ አራዊት ይጠብቃቸዋል። ሻላ ግን ዓሣው እምብዛም ስለሆነ ለጫጩቶቻቸው ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ የሚያመጡት ከአቢጃታ ነበር። ጨዋማነቱ ሲበረታ ቆሮሶው ጠፋ፤ ያልተነካው ደሴትም ማሳደጊያነቱን አጣ። ሐይቅን በፓርክ ድንበር ከልሎ የሚመግበውን ውሃ ከወሰን ውጭ መጨረስ እንደማይቻል በዚህ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሁለቱንም ሐይቆች ያቀፈ ነው፤ የቡልቡላን ምንጭ ግን አያዝዝም።

ዋናው ስጋቴ ደግሞ ስለ ዝዋይ ራሱ ነው። ዝዋይ ለመጠጥና ለመስኖ የሚበቃ ንጹሕ ውሃ ሊይዝ የቻለው ቡልቡላ ጨውን እየጠረገ ስለሚያወጣለት ነው። ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ፀረ ተባይም በከፊል በዚያው ይሄዳል። ፓምፖቹ የሐይቁን ከፍታ ከመውጫው በታች ካወረዱት ፍሰቱ ይቆማል፤ ያኔ ዝዋይም እንደ አቢጃታ መውጫ የሌለው ይሆናል፤ ጨውና ኬሚካሉ በውስጡ ይከማቻል። ብክለትንና የውሃ እጥረትን በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች የምናስተዳድረው እንደ ተለያዩ ችግሮች ነው፤ እዚህ ግን አንድ ናቸው። በመሆኑም አዲስ የመስኖ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ወደ ቡልቡላ በየወሩ ሊለቀቅ የሚገባው ዝቅተኛ መጠን ተለክቶ ሊመደብ፣ ለአርሶ አደሩም ሆነ ለባለሀብቱ የሚከፋፈለውም ከዚያ የተረፈው ሊሆን ይገባል።