ወሲባዊ ጥቃት ሲደርስ፦ ሕጉ ምን ይላል? ወዴትስ ይኬዳል?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 10 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። 66 በመቶዎቹ ለማንም ሰው ትንፍሽ አላሉም። እርዳታ የጠየቁትም ቢሆኑ በአብዛኛው የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ሕጉንና አገልግሎቱን ማወቅ ያለባት ተጎጂዋ ብቻ አይደለችም። እናት፣ ጎረቤትና የሰፈሩ ኢማምም ሊያውቁት ይገባል፤ መጀመሪያ የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና።

በሕጉ እንጀምር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ወይም ደፋሪው ተጎጂዋን በሕግ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። ይህ ምን ማለት እንደነበረ ለማስታወስ፣ በ1988 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሳለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ራስን በመከላከል ነጻ አስወጥቷታል። ጠበቃዋ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ያንን በር ዘጋው። በአንቀጽ 587 መሠረት ለጋብቻ ብሎ የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ካለች ወይም ድርጊቱ በቡድን ከተፈጸመ ጣሪያው 20 ዓመት ይደርሳል። ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ የዕድሜ ልክ እስራት ነው። ከ13 ዓመት በታች በሆነች ሕጻን ላይ የሚፈጸም ድርጊት በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። አጥፊው የልጅቷ አስተማሪ፣ አሠሪ ወይም አሳዳጊ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ወንድ ልጆችም ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አይደሉም፤ አንቀጽ 631 እነርሱን ይመለከታል።

ሕጉ ክፍተት የለውም ማለት ግን አይደለም። አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስለሚፈጸም ድርጊት ብቻ ነው። በባሕር ዳር የተገደለችው የ7 ዓመት ሕጻን ጉዳይ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሲወራ ብዙዎች በወንጀለኛው ላይ የተፈረደው 25 ዓመት አነሰ ብለው ተቆጥተዋል። ቁጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ጉዳይ የቅጣት መጠን ወደሚነሳበት ደረጃ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የሚቀረውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ለዚህ የተዘጋጀው መፍትሔ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይባላል። መጀመሪያ የተከፈተው አዲስ አበባ በሚገኘው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲሆን ከዚያ ወዲህ በክልል ሆስፒታሎችም ተስፋፍቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ድሮ ተጎጂዋ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እየሄደች የደረሰባትን በየቦታው እንደ አዲስ ትናገር ነበር። በማዕከሉ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ማዕከል በሌለበት ወረዳ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይቻላል።

እዚህ ላይ ሰዓት ወሳኝ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት እስከ 5 ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ እርሱም ቢሆን በዘገየ ቁጥር ይደክማል። በመደፈር ለመጣ እርግዝና ሕጉ በአንቀጽ 551 ማቋረጥን ይፈቅዳል። ለዚህም ፍርድ ወይም የፖሊስ ወረቀት አያስፈልግም፤ የሴትየዋ ቃል ይበቃል።

ማስረጃም በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ገላን መታጠብና ልብስን ማጠብ ዋናውን ማስረጃ ያጠፋሉ። ለሶላት ልታጠብ ብላ የምትቸኩል እህት ልትኖር ትችላለችና ይህን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ትሂድ። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ወይም በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዝ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ያበላሸዋል። በሴት ሐኪም መመርመር እንደምትፈልግ መናገርም ነውር የለውም። ቀናት ካለፉ በኋላ የመጣችም ትምጣ፤ ሕክምናውና ምስክርነቷ ዋጋ አላቸው።

ሕጻናት በፍርድ ቤት የተከሳሹን ፊት እያዩ እንዲናገሩ አይገደዱም። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕጻናት ምቹ የሆነ ችሎት አለ። ልጁ በሌላ ክፍል ሆኖ በባለሙያ አማካይነት ይጠየቃል፤ ቃሉም በካሜራ ወደ ችሎቱ ይተላለፋል።

አሁን ወደ ሽምግልናው። በብዙ አካባቢ፣ በሙስሊሙም ሆነ በሌላው ማኅበረሰብ፣ ነገሩ ሲሰማ ቶሎ የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። «የልጅቷ ስም ይጠበቅ» ይባላል። ገንዘብ ወይም ከብት ይሰጣል፤ አንዳንዴም ልጅቷ ራሷ ለደፋሪው ትዳራለች። ስሟ ተጠበቀ የሚባለው ማን ይሆን? የተጠበቀው የእርሱ ስም ነው። በሕግ ረገድ አስገድዶ መድፈር በተጎጂ አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል አይደለም፤ ቤተሰብ ቢታረቅም ክሱ አይሰረዝም። በተግባር ግን ከእርቁ በኋላ ምስክር ይጠፋል፣ ልጅቷ ወደ ገጠር ትላካለች፣ መዝገቡም ይዘጋል።

«ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንውሰደው» የሚሉም አሉ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ ነው፤ እርሱም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ። ወንጀል አይዳኙም። ስለዚህ ቃዲም ሆነ ኢማም እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣለት የሚጠበቅበት ባለጉዳዮቹን ወደ ፖሊስና ወደ ሆስፒታል መምራት ነው። ዱዓውና ማጽናናቱ ከዚያ ጋር ይሄዳሉ።

በጦርነት ጊዜ ይህ ሁሉ መንገድ ይዘጋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በትግራይ ጦርነት ላይ በጋራ ያደረጉት ምርመራ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ሁሉም ተዋጊ ወገኖች ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን ገልጿል። ጤና ተቋማት ተዘርፈው ስለነበር ብዙ ተጎጂዎች 72 ሰዓቱ አልፎባቸዋል። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ተጎጂዎቹ ግን አሁንም ፍርድ ይጠብቃሉ።

ሰላም ባለበት ከተማም ቢሆን ደካማው ቦታ ከሆስፒታል በኋላ ያለው ነው። ደፋሪው አባት፣ አጎት ወይም አከራይ ሲሆን ልጅቷ ወደየት ትመለሳለች? ማረፊያ ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹንም የሚያስተዳድሩት ማኅበራት ናቸው። ከነዚህ የሚታወቀው የቀድሞዋ ዳኛ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሲሆን መኝታ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ የምክርና የሕግ ድጋፍ እንዲሁም የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። ወደ ማረፊያው የሚላኩት በፖሊስ፣ በሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ቢሮ ወይም በአንድ ማዕከል አገልግሎቱ በኩል ነው። ስለዚህ ቤቷ መመለስ የማትችል ተጎጂ ይህንኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ለማዕከሉ ባለሙያ መናገር አለባት።