እጦት ወይስ ምርጫ? የእንጨት ማያያዣ በቢቸናና በሞጣ



ስለ እጅ ሥራ ታሪካችን ሲነገር ሳይመረመር የሚያልፍ አንድ ግምት አለ፤ የጥንቱ አናጢ በምስማር ያልሠራው ብረት ስላልነበረው ነው የሚል። ይህን ግምት በምሥራቅ ጎጃም ገበሬ የእርሻ ዕቃ፣ ቀጥሎም በአናጢ መሥሪያ ጠረጴዛ ልፈትነው እወዳለሁ።

ብረት ነበር። ባለእጁ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሲቀጠቅጥ ኖሯል። (ለሙያው የተከፈለው ንቀት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።) የቢቸና ገበሬ ግን ብረቱን ያዋለው ጥቁሩ ዋልካ በሚበላው ጫፍ በማረሻው፣ እንዲሁም ድግሩን ከማረሻው ጋር በሚይዘው በወገሉ ላይ ነው። ሞፈርና ቀንበር የሚያያዙት በጠፍር ምራን ነው። በሬዎቹ በትልሙ ዳር ሲዞሩ ምራኑ ይላወሳል፤ ቢበጠስም ገበሬው እዚያው ማሳው ላይ ይጠግነዋል። ምስማር ይህን አይሰጥም። እንግዲህ ይህን እጦት ማለት አይቻልም።

የአናጢ ጠረጴዛ ደግሞ ፍላጎቱ ተቃራኒ ነው፤ መነቃነቅ የለበትም። መላጊያ ወዲያና ወዲህ በተገፋ ቁጥር የምስማሩ ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል፤ ጠረጴዛውም ይወላገዳል። ስለዚህ ወንዴው ከሴቴው የሚገባበት መጋጠሚያ ይመረጣል። የወንዴው ውፍረት በተለምዶ የእንጨቱ ሲሶ ያህል ነው። የዋንዛ እግር በደረቀ የወይራ ችንካር ሲቸነከር፣ የወንዴው ቀዳዳ ከሴቴው ቀዳዳ በጥቂቱ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደርጎ ከተበሳ፣ ችንካሩ ሲመታ ሁለቱን እንጨቶች አጥብቆ ይስባቸዋል፤ ኮላ እንኳ አያሻም። ፈረንሳዊው አንድሬ ሩቦ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ባሳተመው የአናጢነት መጽሐፍ ያሳየው ጠረጴዛም እግሮቹ ወፍራሙን ገበታ ዘልቀው የሚገጠሙ ናቸው። በፓሪስ ምስማር ጠፍቶ አልነበረም።

ቃላቱም ይመሰክራሉ። ችንካርና ሽብልቅ የቆዩ ናቸው፤ ምስማር ከዐረብኛ፣ ብሎን፣ ቪቴ፣ ሞርሳና ኮላ ከጣሊያንኛ መጡ። አዲሱ አሮጌውን አላባረረም፤ ሥራ ተካፈሉ እንጂ። ረጃጅሞቹን አግዳሚዎች በብሎን ያሰረ አናጢ ጠረጴዛውን ፈትቶ ከሞጣ ቢቸና ሊወስደው ይችላል። ሳይደርቅ የተሠራ ባህር ዛፍም ሲኮማተር ብሎኑ እንደገና ይጠበቃል። የደረቀ ዋንዛ ያለው ሰው ግን አጫጭሮቹን መጋጠሚያዎች በችንካር ቢዘጋ ይሻለዋል። ከገበታው ላይ ብረት ይራቅ፤ የመላጊያ ስለት ይሰብራል።

ዲማ ጊዮርጊስን ስለ ቅኔው እናጠናለን፤ ተገቢም ነው። በዚያው አገር ሞፈር የሚጠርበው ሰው መሮውን እንዴት እንደሚይዝ ግን የመዘገብነው እጅግ ጥቂት ነው። በበጋው ለመስክ ጥናት የምትወጡ ተማሪዎች ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የመጋጠሚያውን ልክና የእንጨቱን ዓይነት መዝግቡ፤ ዕቃው ስንት ጊዜ እንደተጠገነና ማን እንደጠገነውም ጠይቁ።