ገጣሚው ሲጠፋ

ስሙኝማ፤ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ዘመኑ 1960ዎቹ፣ አገሩ ጃፓን፣ ከተማው ናጎያ። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሬይጂና ሱኔኮ ኦካዛኪ የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ነበሩ። ሬይጂ የሂሮሺማ ልጅ ነው፤ አቶም ቦምቡ ሲወድቅ 15 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ይህችን ያዙልኝ።

ታዲያ እንቅልፍ የነሳቸው ምን መሰላችሁ? ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ነው፤ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ። ህዋስ ሊከፈል ሲል ገመዶቹ ይላቀቁና ለየራሳቸው አዲስ ጓደኛ ይሠራላቸዋል። ሠሪው ኢንዛይም ፖሊመሬዝ ግን ግትር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ለአንደኛው ገመድ መንገዱ ቀና ነው። ለሌላኛውስ? ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አናርስም ያሉ በሬዎች የያዘ ገበሬ ምን ያደርጋል? ጥቂት ያርሳል፣ ወደ ታች ይመለሳል፣ ደግሞ ጥቂት ያርሳል። ኦካዛኪዎችም ይህኛው ገመድ በቁርጥራጭ ይሠራ ይሆን እንዴ ብለው ጠረጠሩ።

ኢ.ኮላይ ለተባለው ባክቴሪያ ጨረር አመንጪ ታይሚዲን፣ ማለትም ምልክት የተደረገበት የዲኤንኤ ፊደል፣ ለጥቂት ሰከንድ አቀመሱትና በቅዝቃዜ ቀጥ አደረጉት። አዲሱ ዲኤንኤ እውነትም አጫጭር ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከ1,000 እስከ 2,000 ፊደል ቢሆን ነው። ግን ሲያወጡት ተሰባብሮባቸው ቢሆንስ?

ደግነቱ በ1967 አሜሪካ ውስጥ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ላይጌዝ የሚባል ኢንዛይም አግኝተው ነበር፤ ሥራው የዲኤንኤን ጫፍ ከጫፍ መግጠም ነው። ባልና ሚስቱ ላይጌዙ የተበላሸ ቲ4 የተባለ ቫይረስ ባክቴሪያው ላይ ለቀቁበት። ገጣሚው የለማ! ቁርጥራጩ ሳይጋጠም እንዳለ ተከማቸ። እኔ ከዚህ ታሪክ ይህችን ተንኮል የሚያህልብኝ የለም። ውጤቱም በ1968 ታተመ።

በነገራችን ላይ፣ ያው ቲ4 ደህና ሲሆን የሚሠራው ላይጌዝ ዛሬ በየቤተ ሙከራው ፍሪጅ አለ። የሰው ኢንሱሊን ጂን በ1978 ሰው ሠራሽ ከሆኑ አጫጭር ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ ኢ.ኮላይ ውስጥ የገባው በላይጌዝ ነው።

ሬይጂ ይህን አላየም። የሂሮሺማው ጨረር ሲከተለው ኖሮ፣ በ1975 በ44 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ። ሱኔኮ ቤተ ሙከራውን አልዘጋችም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በአጭር አርኤንኤ እንደሚጀመር ያሳየው ሥራ በእሷ እጅ ቀጠለ። በ2021፣ በ88 ዓመቷ፣ ጃፓን የባህል ኒሻኗን ሸለመቻት።