የሥራ ሰዓትና የሰው ድካም

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ድካም ነው። ድካም ስንል ግን የእርሻንና የድንጋይ ፈለጣን ድካም ማለታችን አይደለም፤ እርሱን ሁሉም ያውቀዋል፥ ማንም አይክደውም። የምንናገረው በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ወደ ማታ ገደማ ዓይኑ እየፈዘዘ፥ አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ እያነበበ ቃሉ ሳይገባው የሚቀርበትን ድካም ነው። ይህ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ «ተቀምጠህ ውለህ ምን አደከመህ?» ቢሉት መልስ ያጣል። እርሱ መልስ ቢያጣም፥ የዚህን ነገር ምክንያት ለማወቅ ዘመናቸውን የፈጁ ሊቃውንት ነበሩ፤ ታሪካቸውም ሊሰማ የሚገባው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞው ዘመን ሥራ በፀሐይ ይለካ ነበር። ገበሬው ጎሕ ሲቀድ ይጠምዳል፤ በሬው እንደሚደክም ስለሚያውቅ በሬውን ሲፈታ ራሱም አብሮ ያርፋል። የብራና ጸሐፊውም ብርዑንና ቀለሙን ይዞ ይቀመጣል፤ ብርሃን ሲያንስ ግን ይነሣል። በአውሮፓ የእንፋሎት መኪና ሲመጣ፥ ቀጥሎም የጋዝ መብራት ፋብሪካዎችን ማብራት ሲጀምር ይህ ልማድ ፈረሰ። መኪና አይደክምም፤ ሌሊቱም እንደ ቀን ሆነ። በእንግሊዝ አገር የጥጥ ፋብሪካዎች ሕፃናት ሳይቀሩ በቀን 12፥ 13፥ አንዳንዴም 14 ሰዓት ይሠሩ ጀመር። በስኮትላንድ ኒው ላናርክ በምትባል ስፍራ ከ1800 ጀምሮ ፋብሪካ ያስተዳድር የነበረው ሮበርት ኦወን ይህን አሠራር ከተቃወሙት አንዱ ነበር፤ ቀኑን ስምንት ሰዓት ለሥራ፥ ስምንት ሰዓት ለመዝናናት፥ ስምንት ሰዓት ለዕረፍት መክፈል ይገባል የሚለውን ትምህርት ያስፋፋ እርሱ ነው ይባላል። በአውስትራሊያም የሜልበርን ከተማ ድንጋይ ጠራቢዎች በ1856 ሥራቸውን አቁመው በሰልፍ ወጡና ስምንቱን ሰዓት ደመወዛቸው ሳይቀነስ አገኙ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ክርክር የርኅራኄ ክርክር ነበር። ባለፋብሪካው «ለሠራተኛው ማዘኑስ አዝናለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሰዓት ብቀንስ የአንድ ሰዓት ሥራ እከስራለሁ» ቢል፥ ይህን በቁጥር የሚያስተባብልለት አልነበረም። ሒሳቡም ለጆሮ ልክ ይመስላል። ልክ አለመሆኑ የታወቀው ሰዎች መገመትን ትተው መለካት በጀመሩ ጊዜ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ለኪዎች አንዱ አንጄሎ ሞሶ የተባለው የኢጣልያ የሰውነት አሠራር ሊቅ ነው። በቱሪን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኤርጎግራፍ የተባለ መሣሪያ ሠራ። የሰውየው ክንድ ከጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፤ መካከለኛው ጣቱ በገመድ የተንጠለጠለ ጥቂት ኪሎ ክብደት ያነሣል፥ ያወርዳል፤ በጢስ የጠቆረ ወረቀት ላይም እያንዳንዱ መነሣት መስመር ሆኖ ይጻፋል። መስመሮቹ መጀመሪያ ረጃጅም ናቸው፤ ቀስ በቀስ ያጥራሉ፤ በመጨረሻም ጣቱ እምቢ ይላል። ሞሶ የዚህን ምርምር ውጤት በ1891 ስለ ድካም በጻፈው መጽሐፍ ገለጸ።

የሥራ ባልደረባው ዶክተር ማጆራ ያገኘው ነገር ደግሞ ለእኛ እጅግ የሚጠቅም ነው። ጣቱ 30 ጊዜ አንሥቶ ፈጽሞ ሲዝል ወደ ቀድሞ ኃይሉ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ዕረፍት ያስፈልገዋል። በ15ኛው ላይ ቢያቆም ግን የሚበቃው ዕረፍት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ይህን ሒሳብ ልብ በል። ሥራው በግማሽ ሲቀነስ ዕረፍቱ በግማሽ ሳይሆን በአራት እጅ ቀነሰ። የመጀመሪያዎቹ 15 ዋጋቸው ግማሽ ሰዓት ነው፤ የኋለኞቹ 15 ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያስከፍላሉ። ማታ ሁሉ ከሄደ በኋላ አለቃው እስኪወጣ ድረስ ፋይል ገልጦ የሚቀመጠው ጸሐፊ የሚሠራው ያን ውዱን ሥራ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው በማግሥቱ ጠዋት ነው።

ማጆራ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችን በቃል ለብዙ ሰዓት ሲፈትን ውሎ ከመሣሪያው ፊት በተቀመጠ ጊዜ የጣቱ ኃይል ከጠዋቱ እጅግ አንሶ ተገኘ። ጣቱ ሥራ አልሠራም፤ የሠራው አእምሮው ነው። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ሊቃውንት ነገሩ ሞሶ ካሰበው ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑን ቢያሳዩም፥ አእምሮው የደከመ ሰው በአካል ሥራም ቶሎ እንደሚሰለች ዛሬ የታወቀ ነው። «ተቀምጠህ ምን አደከመህ?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እነሆ ከቱሪን መጣ።

አሁን ወደ ፋብሪካ እንመለስ። በ1893 ዊልያም ማዘር የተባለው እንግሊዛዊ ባለፋብሪካ በማንቸስተር አጠገብ በሳልፎርድ በነበረው የብረት ፋብሪካው የሳምንቱን ሥራ ከ53 ሰዓት ወደ 48 ዝቅ አደረገ። የቀነሰው በተለይ ከቁርስ በፊት ይሠራ የነበረውን የማለዳ ሥራ ነው፤ ባዶ ሆድ የሚሠራ ሰው አይሠራም ብሎ ያምን ነበርና። አንድ ዓመት ፈትኖ ኪሳራ እንደሌለው መዝገቡን ገልጦ አሳየ። የእንግሊዝም መንግሥት ይህን አይቶ በ1894 በራሱ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች 48ቱን ሰዓት ተቀበለ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰፋ አድርገን ልንናገርለት የሚገባው ሰው ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ ነው። በ1840 በአይዘናኽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በቀን 14፥ ሥራ ሲበዛም 16 ሰዓት ቆሞ ይውላል። ምሳውን ይዞለት የሚሄደው ልጁ ነበር። አባቱ ከመኪናው ተደግፎ ምግቡን በችኮላ ይውጥና ባዶውን ዕቃ ለልጁ መልሶ ወዲያው ወደ ሥራው ይዞራል። አቤ ካደገ በኋላ እንደ መሰከረው፥ ይህ አባት ቁመቱ የረዘመ፥ ጉልበቱ የማያልቅ የሚመስል ሰው ነበር፤ በ48 ዓመቱ ግን አካሄዱም መልኩም የሽማግሌ ነበር።

ልጁ ተምሮ የፊዚክስ ሊቅ ሆነ። በዬና ከተማ ማይክሮስኮፕ ይሠራ ከነበረው ከካርል ሳይስ ጋር ከ1866 ጀምሮ ሠራ፤ በኋላም የድርጅቱ ባለቤት ሆነ። ባለጸጋ ሆኖ መኖር ሲችል በ1889 የሳይስን በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሞ ሀብቱን ለእርሱ አስረከበ። በ1900 ደግሞ ዘጠኝ የነበረውን የቀን ሥራ ስምንት ሰዓት አደረገ። ይህን ያደረገው የአባቱን መከራ በማስታወስ ብቻ ነው የምንል እንደ ሆነ ሰውየውን አናውቀውም ማለት ነው። እርሱ የመነጽር ሊቅ ነው፤ ነገሩን ሳይለካ አያምንም።

ስለዚህ በሠሩት ዕቃ ልክ ከሚከፈላቸው ሠራተኞች 233 ያህሉን መርጦ፥ ስምንት ሰዓት ከመግባቱ በፊት የነበረውን ዓመትና ከገባ በኋላ ያለውን ዓመት አስተያየ። በአንድ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ከመቶ 16 ከፍ ብሎ ተገኘ። ሒሳቡን በወረቀት እናድርገው። አንድ ሰው በሰዓት 100 ቢሠራ በዘጠኝ ሰዓት 900 ይሆናል። በሰዓት 116 ቢሠራ ግን በስምንት ሰዓት 928 ይሆናል። ሰዓቱ ተቀነሰ፤ ሥራው ተጨመረ።

አቤ ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ ከቁጥሩም የበለጠ ይመስለናል። ሰው በሥራ ቦታው ላይ ኃይሉን የሚያወጣው በሦስት መንገድ ነው ይላል። አንደኛው የሥራው ብዛት፥ ሁለተኛው የሥራው ፍጥነት ነው። ሦስተኛው ምንም ባይሠራ እንኳ በዚያ ቦታ በመገኘቱ ብቻ የሚያወጣው ነው፤ ጫጫታውን መስማት፥ አንድ አቋም ይዞ መቆየት፥ ትኩረትን ሳይለቁ መጠበቅ። ይህንንም ሳይሠራ ከሚዞር መኪና ጋር አመሳሰለው። በእኛ አገር ወፍጮ ቤት የሄደ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እህል ሳይጨመርበት የሚዞር ወፍጮ ዱቄት አያወጣም፥ ነዳጅ ግን ይበላል፥ ድንጋዩም ያልቃል። ቀኑ ባጠረ ቁጥር ይህ በከንቱ የሚወጣ ኃይል ይቀንሳል፤ የተረፈውም ወደ ሥራው ይዞራል። አቤ ይህን የተናገረው ለፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው።

የአቤን ቃል ብዙ ሰው አልሰማም። በ1914 ሄንሪ ፎርድ በአሜሪካ ስምንት ሰዓትን ከአምስት ዶላር የቀን ደመወዝ ጋር ሲያውጅ ዓለም ተደነቀ፤ በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሣና ሁሉም ተረሳ። በእንግሊዝ የጥይት ፋብሪካዎች ሴቱም ወንዱም በሳምንት 70 ሰዓትና ከዚያም በላይ፥ እሑድን ጨምሮ ይሠራ ጀመር። ወንድሞቻቸው በጦር ሜዳ ሳሉ ማን ስለ ዕረፍት ይናገራል? ጥይቱ ግን እንደ ሰዓቱ አልበዛም። ስለዚህ በ1915 በሰር ጆርጅ ኒውማን ሊቀ መንበርነት የጥይት ሠራተኞችን ጤና የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ከመርማሪዎቹ አንዱ ሆራስ ቨርነን በየፋብሪካው እየዞረ፥ ያው ሠራተኛ በያው መኪና በየሳምንቱ ስንት ሰዓት ሠርቶ ስንት ዕቃ እንዳወጣ በጥንቃቄ መዘገበ። ኮሚቴው የእሑድ ሥራ እንዲቀር፥ ሰዓቱ እንዲያጥር፥ በመካከሉ አጭር ዕረፍት እንዲሰጥ፥ በየፋብሪካውም ትኩስ ምግብ የሚገኝበት ቤት እንዲከፈት መከረ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1919 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ስምምነቱ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በቀን ስምንት፥ በሳምንት 48 ሰዓት። የተጻፈው ግን ለፋብሪካ ሠራተኞች ነበር። የንግድ ቤትና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች የራሳቸውን ስምምነት ያገኙት በ1930 ነው። አሥራ አንድ ዓመት የዘገየው፥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይደክምም የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ስለ ነበረ ይመስለናል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከስምንት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል።

ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚደክም በግልጽ ያሳየው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰዎች ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ በራዳር መስተዋት ላይ አፍጥጠው ይውላሉ፤ ምልክቱ እየታየ የሚያልፋቸው ብዙ ነበር። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ ሊቅ ይህን ለመመርመር አንድ ሰዓት አሠራ። ቁጥር የሌለው ነው፤ ቆጣሪው በየሴኮንዱ አንድ እርምጃ ይሄዳል፥ አልፎ አልፎ ብቻ ሁለት እርምጃ ይዘላል። የተመልካቹ ሥራ ዝላዩን አይቶ መጫኛውን መጫን ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ሆኖም ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመልካቾቹ ዝላዩን መሳት ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ሠርተው ግማሽ ሰዓት እንዲያርፉ በተደረገ ጊዜ ግን ትኩረታቸው ሳይጎድል ቀረ። ውጤቱ በ1948 ታትሟል። ረጅም የሒሳብ መዝገብ የምታመሳክሩ አንባብያን፥ ስሕተቱ የሚገባው መቼ እንደ ሆነ ከዚህ ታገኙታላችሁ፤ ለአንድ አፍታ ተነሥቶ ወደ መስኮት ሄዶ መመለስም ስንፍና አይደለም።

ከምሳ በኋላ ስለሚመጣው እንቅልፍ ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በእንጀራው ላይ ይጥላል። ከባድ ምግብ ያብሰዋል፤ ነገር ግን ምሳ ያልበላም ሰው ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ድብታ ያገኘዋል፤ የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት የሚያመጣው ነውና። በድሬዳዋና በሌሎች የቆላ ከተሞች መሥሪያ ቤቶች የቀትሩን ዕረፍት ማስረዘማቸው በሙቀት ምክንያት ቢሆንም፥ ከዚህም ጋር ሳይስማማ አልቀረም። ብዙ ማሰብ የሚጠይቀውን ጉዳይ ለጠዋት፥ መፈረምንና መላላክን ለዚህ ሰዓት ማድረግ ይሻላል።

ቡናንም ሳናነሣ አናልፍም፤ አገሩ ከዚህ ነውና። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የተባለ እንቅልፍ ጠሪ ነገር ይጠራቀማል። በቡናው ያለው ካፌይን የዚህን ነገር መግቢያ በር ይዘጋል እንጂ የተጠራቀመውን አያጠፋም። ከገባበትም ቶሎ አይወጣም፤ በአሥር ሰዓት ከተጠጣው ግማሹ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ገና በሰውነት ውስጥ ነው። የማታውን እንቅልፍ አጉድሎ ለማግሥቱ ሌላ ቡና ያስጠራል።

የቨርነን መዝገቦች ግን ተረስተው አልቀሩም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ሊቅ የሆነው ጆን ፔንካቬል እነዚያኑ ቁጥሮች በዛሬው ስሌት መርምሮ በ2014 ያገኘውን አስታወቀ። እስከ 50 ሰዓት ገደማ ድረስ ሥራው ከሰዓቱ ጋር እኩል ያድጋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የተጨመረ ሰዓት የሚያስገኘው እያነሰ ይሄዳል። በሳምንት 70 ሰዓት የሠሩት ሴቶች ያወጡት ጥይት 56 ሰዓት ከሠሩት ብዙም አይበልጥም፤ አሥራ አራቱ ሰዓት የት እንደ ገባ መዝገቡ አይናገርም። እሑድን ያለ ዕረፍት የሠሩ ጊዜ ደግሞ የሳምንቱ ሥራ ጎድሎ ተገኝቷል።