የጭስ ልክ

ደብረ ብርሃን ሳድግ እናቴ ጠላ ልትጠምቅ ስትነሳ መጀመሪያ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ ታጥባለች። ከዚያ ወይራ አቀጣጥላ፣ ነበልባሉን አጥፍታ፣ ጋኑን በጭሱ ላይ ትደፋዋለች። አንድ ነገር አይገባኝም ነበር፤ ጠላው ራሱ ጭስ ሳይነካው የሚታጠነው ጋኑ ብቻ ሆኖ፣ የጠጣ ሁሉ ግን ወይራውን ያውቃል።

ይህን ያስታወሰኝ ዋሽንግተን አንድ ባር ውስጥ ስሠራ የቀመስኩት ሜዝካል የሚባል የሜክሲኮ አረቄ ነው። ስሙ ከናዋትል ቋንቋ የመጣ ነው፤ «የበሰለ አጋቬ» እንደማለት። አጋቬ እኛ ቃጫ የምናወጣበት ተክል ወገን ነው። ኦሃካ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ገበሬው ቅጠሉን መልምሎ አናናስ የሚመስለውን እምብርቱን ብቻ ያስቀራል። መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ድንጋይ ያግላል፣ እምብርቱን ይከምርበታል፣ አፈር ይመልስበታል። ለቀናት እዚያው ታፍኖ ይበስላል። ጭሱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ፈረስ በሚጎትተው የድንጋይ ወፍጮ ይደቆሳል፣ በእንጨት ገንዳ ይፈላል፣ ብዙውን ጊዜም ሁለቴ ይወጣል። እኛ ዳግም የምንለው መሆኑ ነው። ተኪላም ከአጋቬ ነው፤ ግን አጋቬው በአብዛኛው በእንፋሎት ስለሚበስል ጭስ የለውም።

ፔቹጋ የሚባለው ደግሞ የድግስ ሜዝካል ነው። የወጣው አረቄ እንደገና ወደ ድስቱ ይመለስና ፖም፣ ሙዝ፣ አናናስ፣ አንዳንዴም ሩዝና ለውዝ ይጨመርበታል። ከላይ፣ እንፋሎቱ በሚያልፍበት፣ ጥሬ የዶሮ ደረት ይንጠለጠላል። ስሙም በስፓኒሽ ደረት ማለት ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ «ፈረሰኛውን? ለአባወራ የሚወጣውን?» ብላ ብዙ ሳቀች። እኔ ግን አንዴ ቀምሼዋለሁ። ዶሮ ዶሮ አይልም፤ ፍሬው ነው ቀድሞ የሚመጣው፣ ጭሱ ከኋላ ይከተላል።

ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የገጠር ነገር ነበር። የሜክሲኮ ከተሜ ተኪላውን ይዞ ሜዝካልን ይንቅ ነበር፤ ውጭ አገር የሚታወቀውም ትል በተጋደመበት ጠርሙስ ነበር። ስሙ በሕግ የተጠበቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በማግስቱ ዓመት ሮን ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ዴል ማጌይ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ሜዝካሉን በየመንደሩ ስም ለይቶ መሸጥ ጀመረ። እንዲህም ሆኖ ብዙ ሰው ደፍሮ የሚጠጣው አልነበረም፤ ጭሱ ይበዛበት ነበር።

መላውን ያገኘው ፊል ዋርድ የተባለ የኒው ዮርክ ባርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዴዝ ኤንድ ኮ በሚባል ባር፣ በውስኪ የሚሠራውን ኦልድ ፋሽንድ የሚባል ኮክቴል ይዞ ውስኪውን አወጣ። በምትኩ 45 ሚሊ ሊትር ተኪላና 15 ሚሊ ሊትር ሜዝካል ገባ። ማጣፈጫው ትንሽ የአጋቬ ሽሮፕና ሁለት ርጭት አንጎስቱራ የሚባል መራራ ቅመም ነው። ኦሃካ ኦልድ ፋሽንድ ተባለ። ሁለት አረቄ ማጣመሩ የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኒው ኦርሊንስ፣ ሞንቴሊዮን ሆቴል ውስጥ፣ ዋልተር በርጀሮን ራይ ውስኪና ኮኛክ እኩል እየቀዳ ቪዩ ካሬ የሚባለውን ኮክቴል ሠርቷል። የዋርድ ብልሃት እኩል አለማድረጉ ላይ ነው። ጭሱን እንደ ሚጥሚጣ ያዘው።

እኔ ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። መጀመሪያ ቤት ስሠራው «ለምን ይሰሰታል» ብዬ ግማሽ ለግማሽ ቀዳሁ። ጓደኛዬ አንዴ ፉት አለና፣ «ጓዳ ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ» አለኝ። አሁን ሦስት እጅ ተኪላ፣ አንድ እጅ ሜዝካል ነው፤ አልነካውም። የምነካው ማጣፈጫውን ነው። አናናስ በደረቅ ምጣድ ጠርዙ እስኪጠቁር ጠብሼ በትኩስ የስኳር ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ አጥልዬም በአጋቬው ሽሮፕ ፈንታ አንድ የሻይ ማንኪያ አደርጋለሁ። በትልቅ በረዶ እያማሰልኩ ብርጭቆው በውጭ ሲያልበው አቆማለሁ። በመጨረሻ የብርቱካን ልጣጭ ክብሪት ፊት ይዤ እጨምቃለሁ። ዘይቱ ቦግ ብሎ መጠጡ ላይ ያርፋል።

ባለፈው ይህንኑ ለእማዬ በቪዲዮ አሳየኋት። ሁሉንም ዝም ብላ ካየች በኋላ፣ «ብርጭቆውንስ አጠንሽው?» አለችኝ። አላጠንኩትም ነበር። ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁት ወይራ አንድ ስንጣሪ ቀርቶኝ ስለነበር ለኩሼ፣ አጥፍቼ፣ ብርጭቆውን ደፋሁበት። ለብርቱካኑ እሳት ዝም ያለው የጣሪያው የጭስ ደወል ለወይራዋ ጮኸ። እማዬ ከስልኩ ውስጥ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ስትል እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ አራግባለሁ፤ ብርጭቆው ግን እንደተደፋ ነበር።