ከገላባት እስከ «ሚኖቶር» ሽፋን

የሉዊስ ቡኑኤልና የሳልቫዶር ዳሊ «የአንዳሉስያ ውሻ» ፊልም እ.ኤ.አ. በ1929 ፓሪስ ላይ ሲታይ፣ «ዶኩማን» የተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት ስለ ፊልሙ ጻፈ። ከመጽሔቱ ጸሐፊዎች አንዱ ባለቅኔው ሚሼል ሌሪስ ነበር። ሌሪስ በዚያን ጊዜ ከአንድሬ ብረቶን የሱርሪያሊስቶች ቡድን ተለይቷል። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ገላባት ላይ ሰፍሮ፣ ወደ ጎንደር የሚያሻግረውን ፈቃድ ሲጠባበቅ እናገኘዋለን።

የመጣው በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ ጸሐፊና መዝገብ ያዥ ሆኖ ነው። ለተልዕኮው የፈረንሳይ ፓርላማ ልዩ ሕግ አውጥቶለታል፤ ፓሪስ ላይ የፓናማው ቡጢኛ አል ብራውን የተጋጠመበት የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽትም ተዘጋጅቶለታል። በ1902ቱ የአጼ ምኒልክና የእንግሊዝ ውል ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ ስለ ሆኑ፣ ጓዛቸው የበዛው እንግዶች በፈቃድና በጉምሩክ ጉዳይ ድንበሩ ላይ ሳምንታት ቆዩ።

ጎንደር የደረሱት በሐምሌ መግቢያ ገደማ ነው፤ እስከ ታኅሣሥም ሰነበቱ። ሌሪስ በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ እየተረዳ፣ የዛር ባለቤት በሆኑት በመልካም አየሁ ቤት የሚሆነውን መዘገበ። በክረምቱ የደረሰው ሠዓሊ ጋስቶን-ሉዊ ሩ ደግሞ ሌላ ሥራ ተሰጠው። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች በአዲስ ቀለም ገለበጠ፤ ግልባጩ ግድግዳው ላይ ቀረ፣ ዋናዎቹ ሥዕሎች ፓሪስ ሄዱ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም አብረው ሄደዋል።

በሰኔ 1933 በአልበር ስኪራ አሳታሚነት የወጣው የ«ሚኖቶር» መጽሔት 2ኛ ቁጥር በሙሉ ለዚህ ተልዕኮ ተሰጠ። ሌሪስ ለሰይፉ ጨንገር ዛር ስለ ታረደው በሬ የጻፈው በዚሁ ቁጥር ነው። ሽፋኑን የሣለው ያው ሩ ነበር። 1ኛውን ቁጥር ፒካሶ ሣለ፤ የፊልሙ ዳሊ ደግሞ 8ኛውን። እነዚህ ሽፋኖች ዛሬ እንደ ጥንታዊ የፊልም ፖስተር በየኤግዚቢሽኑ ይሰቀላሉ።

ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻው የዕቃ አወሳሰዱን ነውር ጭምር አልደበቀም፤ መጽሐፉም ግሪዮልን አስቆጥቷል። ስለዚህ የሩን ሽፋን «የዘመናዊ ጥበብ መለያ» ብሎ ብቻ ማሳየት ግማሹን ታሪክ መተው ነው። ሽፋኑን የሚሰቅል ሁሉ ከሠዓሊው ስም ሥር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ስም ሊጽፍ ይገባዋል።